የሸማ ጥለትና ሰያፉ ቅርጽ

(በራዲዮ ከተሰጠው ሳምንታዊ ንግግር)

በዚህ ሳምንት ልነግራችሁ ያሰብሁት ነገር ከእናንተ የራቀ አይደለም። ለበዓል በምትለብሱት ነጠላ ጠርዝ ላይ፥ በእናቶቻችንም ቀሚስ እጅጌና ደረት ላይ ዘወትር የምታዩት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ከዐይን ፊት ሲሆን መስተዋሉ እየቀረ ይሄዳልና፥ ይህም ቅርጽ በብዙዎቻችን ዘንድ ያለ ጥያቄ የሚታለፍ ሆኖአል። ቅርጹ አራት ጎኖች አሉት፤ ጎኖቹም እኩል ናቸው፤ ነገር ግን በጎኑ የተቀመጠ ሳይሆን በሹል ጫፉ የቆመ ነው። ጂኦሜትሪ የተማረ ሰው ሮምበስ ይለዋል፤ ካርታ የሚጫወት ሰው ዳይመንድ ይለዋል። እኔ ለዛሬው ንግግር እንዲመች «ሰያፉ ቅርጽ» እያልሁ እጠራዋለሁ።

ስለዚህ ቅርጽ ሦስት ጥያቄዎች አነሣለሁ። አንደኛው፥ ሸማኔ ከብዙ ቅርጾች መካከል ስለ ምን ይህን አዘወተረ? ሁለተኛው፥ ቅርጹ ትርጉም አለውን? ሦስተኛው፥ ዛሬ ይህ ቅርጽ በማን እጅ ይገኛል? የሚል ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ ያነሣሁት ራሴ ካፈርሁበት ነገር ተነሥቼ ስለሆነ፥ እርሱንም ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ።

ወደ አሊዩ አምባ

ነገሩን ከሥፍራው ለመጀመር ወደ አሊዩ አምባ እንውረድ። እንውረድ ማለቴም በእውነት ቁልቁለት ስለሆነ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን የደረሰ መንገደኛ፥ ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ አንኮበርን ያገኛል። እስከዚህ ድረስ አገሩ ብርድ ነው፤ እህሉም ገብስ ነው፤ ሰውም በጋቢና በበርኖስ ተጠቅልሎ ይታያል። ከአንኮበር በታች ግን ምድሩ በድንገት ይወርዳል። ገብሱ ቀርቶ ማሽላው ይተካል፤ ከዚያም በታች በይፋት ቆላ ጥጥ ይበቅላል። አሊዩ አምባ በዚህ በደጋውና በቆላው መካከል፥ በተራራው እግር ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ደገኛውና ቆለኛው፥ ክርስቲያኑና እስላሙ፥ አማራው፥ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኙባት ገበያ መሆንዋም ከዚሁ ከአቀማመጥዋ የመጣ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት፥ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር በነገሡ ጊዜ፥ አሊዩ አምባ የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ከባሕር ዳር ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን የሚያራግፈው በዚህች ከተማ ነበር፤ የሐረር ነጋዴዎችም በዚያ ተቀምጠው ይነግዱ ነበር። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1841 ዓ.ም. የእንግሊዝን መልእክት ይዞ የመጣው ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ሸዋ የገባው በዚሁ በር ነው፤ በማግሥቱ ዓመት በ1842 ደግሞ ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን በአሊዩ አምባ ቤት ይዞ ተቀምጦአል። ሁለቱም ያዩትን ጽፈው በ1844 መጻሕፍት አሳትመዋል። ዓርብ በሚውለው ገበያ እህል፥ ማር፥ ጥጥ፥ ሸማና የአሞሌ ጨው ይሸጥ ነበር፤ ወደ ባሕር ከሚወርደውም ሸቀጥ መካከል የዝሆን ጥርስና ቡና ነበሩ። በአካባቢው ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደ ነበረ መናገር ያሳዝናል፤ ሆኖም ታሪክ ነውና አይሸሸግም።

ለእኛ ነገር የሚጠቅመው ግን በዚህ መንገድ ወደ ላይ የሚወጣው ዕቃ ነው። ከባሕር ማዶ ከሚመጡት ሸቀጦች መካከል ባለ ቀለም ጨርቅ፥ ሐርና ፈትል ይገኙ ነበር። የአገራችን ሸማኔ ነጩን ፈትል ከአገሩ ጥጥ ያገኛል። ጥጡን በመዳመጫ የምትዳምጠው፥ በደጋን የምትነድፈው፥ በእንዝርትም የምትፈትለው ሴት ናት፤ ሸማውን የሚሠራው ግን ወንድ ነው። ቀዩንና ሰማያዊውን ክር ማግኘት ግን ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች እንደ ጻፉት፥ ሸማኔዎች ከውጭ የመጣውን ቀይ ጨርቅ ክር በክር እየፈቱ ለሸማቸው ጥለት ያውሉት ነበር። እስቲ አስቡት፤ ተሠርቶ ያለቀውን ጨርቅ ፈትቶ እንደ ገና መሥራት ምን ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል! ቀለም ያለው ክር እንዲህ ውድ ከሆነ ደግሞ መላውን ልብስ በእርሱ መሥራት የማይታሰብ ነው። ሸማው ነጭ ሆኖ ቀለሙ በጠርዝ ላይ ብቻ የመወሰኑ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እንግዲህ ጥለት የምንለው ነገር፥ የቆላው ጥጥና የባሕር ማዶው ቀለም የተገናኙበት ጠርዝ ነው ማለት እንችላለን።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ አዛወሩ፤ በ1886 አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ንግዱም ባቡሩን ተከትሎ ስለ ሄደ አሊዩ አምባ የቀድሞ ስሟን ይዛ በመጠኑ የምትኖር ከተማ ሆነች። ነገር ግን የንግድ መንገድ ሲዘጋ የእጅ ሥራ ወዲያው አይዘጋም። በዚያ አካባቢ በተራራው ጎን እርከን ሠርተው የሚያርሱት አርጎቦች፥ በንግድና በሽመና የታወቁ ናቸው።

ሸማኔው ያሳየኝ ነገር

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሥራ ጉዳይ ወደ አንኮበር ሄጄ፥ በገበያ ቀን ወደ አሊዩ አምባ ወረድሁ። ለበዓል በአዲስ አበባ የገዛኋትን ነጠላ በትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ነበር። ጥለትዋ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ፥ ሰያፉ ቅርጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተደርድሮባት ስለ ነበር በጣም እኮራባት ነበር። ከአንድ ሽማግሌ ሸማኔ ደጃፍ ላይ ደርሼ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ጠርዝዋን ዘርግቼ፥

«አባቴ፥ ይህ ቅርጽ ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሽማግሌው ጠርዝዋን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ውስጥ ገለበጡአት። ተመለከቱአት፤ መልሰውም ወደ ውጭ ገለበጡአት፤ ዝም አሉ። እኔም ዝምታቸውን ከአድናቆት ቈጥሬው ነበር። በመጨረሻ በለዘበ ድምፅ፥

«ልጄ፥ ይህ ምንም አይልም፤ የተቀባ ነው» አሉኝ።

እውነትም ሲገለበጥ ውስጡ ገረጣ፤ ቀለሙ በጨርቁ ፊት ላይ በመኪና የታተመ እንጂ ከክሩ ጋር የተሠራ አልነበረም። የሸጠልኝ ሰው የእጅ ሥራ ነው ብሎኝ ነበር፤ እኔም ሳልገለብጥ ገዛሁ። በጣም አፈርሁ። ሽማግሌው ግን ሊያሳፍሩኝ የፈለጉ አልነበሩምና፥ «ና፥ እንዴት እንደሚሠራ ተመልከት» ብለው ወደ ውስጥ አስገቡኝ። አሁን የምነግራችሁ በዚያ ያየሁትን ነው።

ሸማኔው በጉድጓድ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ሰድዶ መርገጫውን ይረግጣል። ከፊቱ በርዝመት የተወጠረው ክር ድር ይባላል፤ በድሩ መካከል በመወርወሪያ ወዲያና ወዲህ የሚሮጠው ክር ማግ ይባላል። አንዱን መርገጫ ሲረግጥ የድሩ እኩሌታ ይነሣል፤ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራል፤ መትቶ ያጠብቀዋል። ሌላውን ሲረግጥ ሌላው እኩሌታ ይነሣል፤ መወርወሪያውን ይመልሳል። ነጩ ሸማ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ለዚህም እጅና እግር ተስማምተው መሄዳቸው ይበቃል።

ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን መወርወሪያው ይቆማል። ሸማኔው የቀለሙን ክር በጣቱ ይይዝና የድሩን ክሮች አንድ በአንድ እየቈጠረ በመካከላቸው ያስገባዋል። ከአንድ ረድፍ ቀለም በኋላ ነጩን ማግ ወርውሮ ያስረዋል፤ ከዚያም ወደ ሁለተኛው ረድፍ ይሄዳል። ጥለት የሚለው ስም ከ«ጣለ» የወጣ ነው፤ ሸማኔው ቀለሙን በነጩ ላይ የሚጥልበት ሥራ ነውና።

አሁን ሰያፉ ቅርጽ ከዚህ እንዴት እንደሚወለድ ልብ በሉ። ሸማኔው በመጀመሪያው ረድፍ አንድ ነጥብ ቀለም ይጥላል እንበል። በሁለተኛው ረድፍ በግራም በቀኝም አንድ ይጨምርና ሦስት ይሆናል፤ በሦስተኛው አምስት፥ በአራተኛው ሰባት፥ በአምስተኛው ዘጠኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ቅርጹ ወገቡን አገኘ ማለት ነው። ከዚያም በመጣበት መንገድ ይመለሳል፤ ሰባት፥ አምስት፥ ሦስት፥ አንድ። ዘጠኝ ረድፍ፥ በጠቅላላው 41 ነጥብ ሆነ። ሸማኔው ሥዕል አልሣለም፤ ማስመሪያም አልያዘም። የያዘው አንድ ሕግ ብቻ ነው፤ «እስከ ወገቡ ድረስ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ጨምር፤ ከወገቡ በኋላ አንድ አንድ ቀንስ»። ይህ ሕግ በቃል ይያዛል፤ ከአባት ወደ ልጅም ያለ ወረቀት ይተላለፋል።

ክብ ቅርጽ ለመሥራት ቢያስብ ግን እንዲህ ያለ አንድ ሕግ አያገኝም። ክብ መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ይሰፋል፤ ወደ ወገቡ ሲቃረብ መስፋቱ ይዘገያል፤ ስለዚህ በየረድፉ የሚጨመረው ቁጥር ልዩ ልዩ ይሆናል። ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አስቸጋሪ ነው፤ ቢያዝም የክሩ ውፍረት ክቡን ደረጃ ደረጃ ስለሚያደርገው አያምርም። ድርና ማግ ቀጥ ብለው የሚተላለፉ ናቸውና፥ በእነርሱ ላይ በቀላሉ የሚሠራው መስመርና ሰያፍ ነው። መስመሩ ተሻግሮ መስቀል ይሆናል፤ ሰያፉ ተገናኝቶ ይህን የምንናገርለትን ቅርጽ ይሠራል። ጥለቶቻችን ላይ እነዚህ ሁለቱ የበዙበት ምክንያት እንግዲህ ከመሣሪያው ባሕርይ ነው።

ነገር ግን ሥራው ቀላል ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በነጠላው ወርድ ላይ 30 ሰያፍ ቅርጾች ቢደረደሩ፥ ሠላሳውም በአንድነት ረድፍ በረድፍ ያድጋሉ። ሸማኔው አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው አይሄድም። ስለዚህ በሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲሆን ሠላሳ ጊዜ አምስት መቈጠር አለበት፤ በአንዱ ላይ አንድ ክር ቢሳሳት፥ ስሕተቱ በሚቀጥሉት ረድፎች ሁሉ እየተከተለ ይሄዳል። ደግሞም ማጉን የሚመታበት እጁ አንድ ጊዜ ጠንክሮ አንድ ጊዜ ቢላላ፥ በአንደኛው ጫፍ ያለው ቅርጽ አጭርና ወፍራም፥ በሌላኛው ጫፍ ያለው ረዥምና ቀጭን ይሆናል። በሁለቱም የነጠላ ጫፎች ላይ ያሉት ቅርጾች እኩል የሆኑ እንደ ሆነ፥ ያ ሸማኔ በመጀመሪያው ቀንና በመጨረሻው ቀን እጁ አንድ ነበር ማለት ነው። ሰያፉ ቅርጽ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውን እጅ የሚመሰክር ማኅተም ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ሽማግሌውን ስለ ትርጉሙ እንደ ገና ብጠይቃቸው ፈገግ ብለው፥ «ትርጉሙን እናንተ የተማራችሁት ታውቁት ይሆናል፤ እኔ የማውቀው ቁጥሩን ነው» አሉኝ።

በሆላንድ አገር ያለው ዘመዱ

ይህ ቅርጽ በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ እንዳይመስለን፥ ወደ ሰሜን አውሮጳ ደግሞ ጥቂት እንሻገር። በሆላንድ በሰሜን ባሕር ዳርቻ፥ እንደ ሼቬኒንገን ባሉ የዓሣ አጥማጆች መንደሮች፥ በ19ኛው መቶ ዓመትና በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወንዶች ለባሕር ሥራ የሚለብሱት ወፍራም የሱፍ ሹራብ ነበር። ሹራቡን የሚሠሩት ሚስቶቻቸውና እናቶቻቸው ነበሩ። በደረቱ ላይ ከሚያወጡአቸው ቅርጾች አንዱ ይኸው ሰያፉ ቅርጽ ሲሆን፥ በቋንቋቸው «የእግዚአብሔር ዐይን» ብለው ይጠሩታል። ባሕር ላይ ያለውን ሰው የሚጠብቅ ዐይን ነው ማለታቸው ነው።

እነዚህ ሴቶች ድርና ማግ አልነበራቸውም፤ የያዙት መርፌና አንድ ክር ነው። ነገር ግን የሹራብ ቋጠሮም በረድፍ የሚደረደርና የሚቈጠር ስለሆነ፥ ሕጉ ያው የሽማግሌው ሸማኔ ሕግ ሆነ፤ እስከ ወገቡ ጨምር፥ ከወገቡ በኋላ ቀንስ። የአሊዩ አምባ ሸማኔና የሆላንድ ዓሣ አጥማጅ ሚስት ተያይተው አያውቁም፤ አንዱም ከሌላው አልተማረም። ሁለቱንም ያስተማራቸው ክሩ ነው።

መሣሪያ ቅርጽን እንደሚወልድ የሚያስረዳ ሌላ ምስክር በዚያው አገር አለ። በፍሪስላንድ አውራጃ የእንጨት ሠራተኞች የሣጥንና የልዩ ልዩ የቤት ዕቃ ፊት በቢላዋ እየፈለፈሉ ሲያስጌጡ፥ የሚያዘወትሩት ስድስት ቅጠል ያለው አበባ ነው። ስለ ምን ስድስት ሆነ? ብንል፥ እነርሱ የያዙት መሣሪያ ኮምፓስ ስለሆነ ነው። በኮምፓስ አንድ ክብ ሠርቶ፥ የኮምፓሱን አከፋፈት ሳይለውጥ በክቡ ዙሪያ ቢራመዱበት፥ በትክክል ስድስት እርምጃ ላይ ወደ ተነሡበት ይመለሳሉ። በየእርምጃውም ቅስት ቢሣል ስድስት ቅጠል ይወጣል። ለኮምፓስ ቀላሉ ስድስቱ ቅጠል ነው፤ ለሸማ ቀላሉ ሰያፉ ቅርጽ ነው።

በዚያው በሆላንድ የጥንት ግንቦችና የትልልቅ እርሻ ቤቶች መስኮት መዝጊያዎች ደግሞ በባለቤቱ የዘር ምልክት ቀለም ይቀባሉ። ብዙ ጊዜ የሚቀባው ቅርጽ በጫፎቻቸው የተገናኙ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ናቸው፤ የአሸዋ ሰዓት ይመስላልና በዚሁ ስም ይጠሩታል። ሁለት የአሸዋ ሰዓቶች ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን በመካከላቸው የሚቀረው ባዶ ስፍራ ራሱ ሰያፉ ቅርጽ ነው። ይህንንም ነገር በጥለታችን ላይ ማየት ይቻላል፤ ሸማኔው በቀለም ሦስት ማዕዘኖችን ሲያገናኝ፥ ሳይነካው የቀረው ነጭ ሸማ በመካከል ሌላ ቅርጽ ሆኖ ይወጣል።

ስለ ትርጉሙ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። ቅርጹ ትርጉም አለውን? በዛሬ ጊዜ ልብስ የሚሸጡ ሰዎች ለያንዳንዱ ጥለት አንድ ታላቅ ትርጉም ሲሰጡ እንሰማለን። ይህን ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም፤ ሁሉንም መናቅም አይገባም። ነገሩን በሥርዓት ብንመለከተው ቅርጹ አስቀድሞ ከእጅና ከክር ተወለደ፤ ሰዎችም ካዩትና ከወደዱት በኋላ ትርጉም ሰጡት። የሆላንድ ሴት ባልዋን ለባሕር ስትሰጥ ልብዋ ይፈራ ነበርና፥ በደረቱ ላይ ያለውን ቅርጽ የሚጠብቅ ዐይን አደረገችው። ትርጉሙ ከቅርጹ ሳይሆን ከፍርሃትዋና ከፍቅርዋ የመጣ ነው፤ ስለዚህም ሐሰት አይባልም።

በአገራችንም ቅርጹ ከሸማ ወጥቶ በሌላ ስፍራ ይገኛል። ከጥንቱ የመጾር መስቀሎች መካከል ዙሪያቸው በሰያፉ ቅርጽ የተሠራ፥ ውስጣቸውም እንደ መረብ የተጠላለፈ ብዙዎች ናቸው። በብራና መጻሕፍት ራስ ላይ የሚሣለው ሐረግ፥ ክሮቹ እየተላለፉ ሲሄዱ በመካከላቸው እንዲህ ያሉ ዐይኖችን ይተዋል። በላሊበላ ቤተ ማርያም ውስጥ ቅስቱና ጣራው በጂኦሜትሪ ጌጥ የተቀረጸና የተሣለ ነው። በየቤታችን ያለው መሶብም በሰንደዶና በቀለም በተነከረ አክርማ ሲሰፋ፥ ዙሪያውን የሚሄደው ሰያፍ መስመር ተገናኝቶ ይህንኑ ቅርጽ ያወጣል። በመሶብ ላይ ግን ስፌቱ በክብ ስለሚዞር፥ ቅርጹ ወደ ከንፈሩ እየሰፋ ይሄዳል እንጂ እንደ ሸማው እኩል አይሆንም። እዚህም መሣሪያውና አሠራሩ ቅርጹን እንደ ለወጠው ልብ በሉ።

ጥለት ትርጉም የሚናገርበት ሌላው መንገድ አለባበሱ ነው። ነጠላ በደስታ ቀን ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ይታያል፤ በኀዘን ቀን ግን ተዘቅዝቆ ጥለቱ ወደ አንገትና ወደ ፊት ይወጣል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው በመስቀለኛ ያጣፋዋል፤ በትልቅ ሰው ፊት የሚቆም ያደገድገዋል። በሰፊ ቀይ ጥለት የሚታወቀው ጃኖ ደግሞ በቀድሞው ዘመን የመኳንንት ልብስ ነበር። ስለዚህ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ገና ቃል ሳይናገር ደስታውን፥ ኀዘኑንና ማዕርጉን የምናውቅለት በጥለቱ ነበር።

ጥበቡን ለብሶ ጠቢቡን መናቅ

አሁን ወደ መጨረሻውና ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። ይህንን የጠርዝ ጌጥ አማርኛችን ጥለት ብሎ ብቻ አልተወውም፤ «ጥበብ» ብሎም ይጠራዋል። ጥበብ ማለት ዕውቀትና ብልኀት ነው፤ ለሰሎሞን የተሰጠው ነገር ስሙ ይኸው ነው። የጥንት ሰዎች ይህን ከፍ ያለ ስም ለሸማ ጠርዝ የሰጡት፥ ቈጥሮ የማይሳሳት እጅ ምን ያህል ዕውቀት እንደሚያስፈልገው ስላወቁ ይመስለኛል።

ነገር ግን ጥበቡን ያከበረው አፍ ጠቢቡን ያዋርድ ነበር። ሸማኔ የሚለው ቃል የሙያ ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆኖ ኖረ። የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ርስት እንዳይዝና ከጨዋ ቤተ ሰብ ጋር እንዳይጋባ የተደረገባቸው ስፍራዎች ብዙ ነበሩ። ይህ ነገር ለአገር ጕዳት መሆኑን ተረድተው፥ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ እንደ እኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ ብረት የሚሠራውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ ሠራተኛን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ እንዲቈጠርና በአንድ ዓመት እሥራት እንዲቀጣ አዘዙ። ይህ ከተባለ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖአል። ዐዋጅ አፍን ይዘጋል፤ ልብን ግን ቶሎ አይለውጥም።

በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ አካባቢ ከጋሞ ደጋ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ለብዙ ዘመን ከተማውን ሲያለብሱ ኖረዋል። ዛሬ እነርሱን የሚያሠጋቸው ስድብ ብቻ አይደለም። ከውጭ አገር ፋብሪካ የሚመጣው፥ ጥለታችንን አስመስሎ የታተመው ጨርቅ በገበያው ላይ ተዘርግቶአል፤ ዋጋውም ከእጅ ሥራው ያነሰ ነው። እኔ ራሴ የገዛሁት እርሱን ነበር።

ፋብሪካን በፋብሪካነቱ አልነቅፍም። ፈረንሳዊው ዦዜፍ ማሪ ዣካር በ1804 በተበሱ ካርዶች የሚሠራ የሽመና መኪና ባወጣ ጊዜ፥ የሸማኔውን ቁጥር ወደ ወረቀት አስገባው። «እዚህ አንሣ፥ እዚያ ተው» የሚለውን ትእዛዝ ካርዱ ላይ ያለው ቀዳዳ ይናገር ነበር። ይህ አሳብ ውሎ አድሮ ዛሬ በየመሥሪያ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ለፈጠሩት ሰዎች መንገድ አሳይቶአል። ስለዚህ ሽማግሌው «የማውቀው ቁጥሩን ነው» ሲሉ ትንሽ ነገር አልተናገሩም። አነስተኛ ገቢ ያለውም ሰው የታተመውን ጨርቅ በርካሽነቱ ቢገዛ አይፈረድበትም። ነቀፋው በሌላ ነገር ላይ ነው፤ የታተመውን «የእጅ ሥራ ነው» ብሎ በሚሸጠውና፥ ሳይገለብጥ በሚገዛው ሰው ላይ ነው። ሻጩ የሸማኔውን ስም ሰረቀ፤ ገዢውም ሳያውቅ ተባበረው።

ስለዚህ በሚመጣው በዓል ነጠላ ወይም ቀሚስ ስትገዙ ሦስት ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። መጀመሪያ ጠርዙን ገልብጡት። በእጅ የተሠራ ጥለት በውስጥ በኩልም ክሩ ይታያል፤ ክሩ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው የተሻገረበት ስፍራ፥ የጫፉም ቋጠሮ ይገኛል። የታተመው ግን በውስጥ በኩል የገረጣ ነው። ሁለተኛ በጣታችሁ ዳስሱት። የተሠራው ጥለት ከነጩ ሸማ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ የታተመው ግን ልሙጥ ነው። ሦስተኛ ሰያፉን ቅርጽ ፈልጉና ረድፉን ቍጠሩ። የተሠራው ቅርጽ ጎኑ ደረጃ ደረጃ ነው፤ በክር ልክ ይወጣል፥ በክር ልክ ይወርዳል። የታተመው ግን የክሩን መንገድ ስለማይጠብቅ ቀለሙ ክሩን አቋርጦ ይሄዳል። እኩልነቱንም በሁለቱም ጫፍ ተመልከቱ። ጥቂት ቢለያይም አትቀየሙ፤ በዚያ ሰዓት ሸማኔው ደክሞት ይሆናል። ነገር ግን እኩል ሆኖ ካገኛችሁት ዋጋው ላይ አትከራከሩ።

ከአሊዩ አምባ ወደ አንኮበር ዳገቱን ስወጣ ያችን ነጠላ ተጠቅልላ በእጄ ይዣት ነበር። አልጣልኋትም፤ ዛሬም ከቤቴ አለች። እንግዳ ሲመጣ ከሽማግሌው ከገዛኋት ነጠላ ጋር አብሬ አወጣትና ሁለቱንም ገልብጬ አሳያለሁ። ሁለቱም ከፊት ሲታዩ ቅርጻቸው አንድ ነው። ሲገለበጡ ግን አንደኛዋ ዝም ትላለች፤ ሁለተኛዋ አንድ ሰው በጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ ሠላሳ ጊዜ አንድ፥ ሠላሳ ጊዜ ሦስት፥ ሠላሳ ጊዜ አምስት እያለ እንደ ቈጠረ ትናገራለች።

የሳምንት ሰው ይበለን። እንደምን አደሩ፥ እንደምን ዋሉ ከሚላችሁ ሸማኔ ጎረቤታችሁ ጋር በሰላም ቆዩ።